የት ሊሄድ ነው?

ውኃ የሞላ ጀሪካን ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ የአጥንት ዋርድ ነርስ በእንቅልፏም ትለየዋለች። አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ያንን ድምፅ ሰምቼ ከተረኛ ክፍል ብቅ ስል የጭን አጥንቱ የተሰበረው የከባድ መኪና ሹፌር በክርኑ ተደግፎ በግማሽ ተነሥቷል። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ የሆነ ጎረምሳ ደግሞ ግርጌው ላይ ቆሞ ገመዱን ይዟል። ሁለቱም የሰው ነዳጅ ሲቀዱ የተያዙ ይመስላሉ።

«እሱ ነው ፍታልኝ ያለኝ» አለ ጎረምሳው፣ ገና ሳልጠይቀው።

ትራክሽን አይተው ለማያውቁ ላስረዳ። ከጉልበት በታች ባለው አጥንት ውስጥ ብረት ይተላለፋል፤ ብረቱ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ በአልጋው ግርጌ ባለ መዘውር ላይ ያልፍና ክብደት ይንጠለጠልበታል። የጭን ጡንቻ ብርቱ ነው። አጥንቱ ሲሰበር ስባሪዎቹን አንዱን በሌላው ላይ እየጎተተ እግሩን ያሳጥረዋል። ክብደቱ ቀን ከሌት ይህን ጡንቻ ሲታገል ይኖራል። ለአንድ ጎልማሳ ስድስት፣ ሰባት ኪሎ ይበቃዋል። እኛ ዘንድ ይህ ክብደት ብዙ ጊዜ ጀሪካን ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልገንም። በሽተኛው ወደ ታች እንዳይንሸራተት የአልጋውን ግርጌ በብሎኬት ከፍ እናደርገዋለን። ጀሪካኑ ወለል ከነካ ግን ሕክምናው ቆሟል። ለሰውዬው የቀረው መተኛቱ ብቻ ነው።

ያኔ የማውቀው መድኃኒት ቁጣ ነበር። «እግርህ አጥሮ ዕድሜ ልክህን ብታነክስ በእኔ እንዳታሳብብ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ዋርዱ በሙሉ ነቃ። አብራኝ ተረኛ የነበረችው አንጋፋ ነርስ ምንም ሳትናገር ጀሪካኑን ሰቀለች፣ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ከዚያም «ወንድሜ፣ የት ልትሄድ ነበር?» አለችው።

ጉዳዩ መኪናው ነበር። ጭነቱ ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያጠብቅ ነው የወደቀው። መኪናው ከነኮንቴይነሩ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ቆሟል፤ አጠገቡ ያለው ከተቀጠረ ሁለት ሳምንት ያልሞላው ረዳት ነው። የሹፌሩ ስልክ ባትሪ ከጨረሰ ሦስት ቀኑ። ባለንብረቱ የት እንዳለ አያውቅም፤ ረዳቱ ይኑር ይጥፋ አያውቅም። ሦስት ሌሊት ሙሉ ጣራ እያየ ጎማ ሲቆጥር አድሯል። አንጋፋዋ ነርስ የራሷን ቻርጀር አምጥታ ስልኩን ሰካችለት። ጠዋት ረዳቱ የመኪናውን ፎቶ ላከ፤ አሥራ ስምንቱም ጎማ አለ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን የነካ ሰው የለም።

እኔ በዚያች ሌሊት ስለ አጥንት የተማርኩት ነገር የለም። ስለ ቻርጀር ነው የተማርኩት።

(በሽተኛው አልጋ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ማሳጠር ከሁሉም ይበልጣል። ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይን የተባለውን ድርጅት አቋቁመው፣ ያለ ቀጥታ ራጅ ማሽን ሊገባ የሚችል የአጥንት ሚስማር ለድሃ አገር ሆስፒታሎች ማዳረስ ጀመሩ። በአገራችንም ይሠራበታል። ሚስማሩ የገባለት ሰው በቀናት ውስጥ በክራንች ይቆማል፤ በትራክሽን ብቻ የሚድነው ግን ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይተኛል። ሁለት ወር የተኛ ሰው ገመድ ቢፈታ ምን ይገርማል?)

በርክክብ ሰዓት «ቁጥር ስምንት አስቸጋሪ ነው» እንባባላለን። ይህች ቃል ከተረኛ ወደ ተረኛ ትወራረሳለች። ጉሉኮሱን ነቅሏል፤ አስቸጋሪ ነው። ኦክስጅኑን አውልቋል፤ አስቸጋሪ ነው። አትነሣ ተብሎ ተነሥቷል፤ በጣም አስቸጋሪ ነው። ቃሉ አንዴ ከተለጠፈበት በኋላ ቀጣይዋ ተረኛ ሰውየውን አታየውም፤ ቃሉን ነው የምታየው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስቆይ ለመውደቅ ብሎ ከአልጋ የተነሣ በሽተኛ አልገጠመኝም። የሚነሣው ሁሉ የሆነ ቦታ ሊሄድ ነው፤ ወደ ሽንት ቤት፣ ወደ ቤቱ፣ ወደ መኪናው፣ አየር ወዳለበት። ራሳቸውን ለማጥፋት ስለሚነሡት እዚህ አልጽፍም፤ እነሱ ሌላ ሙያ፣ ሌላ ጥበቃ ይፈልጋሉ።

የምሠራባት ሞጆ ደግሞ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እዚህ ይለያያል፤ አንዱ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ፣ ሌላው ወደ ሐዋሳ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ በአጠገባችን ያልፋል፤ የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ እዚህ ነው፤ ባቡሩም አለ፤ ቆዳ ፋብሪካዎቹም ጠዋት ማታ ሠራተኛ ያስገባሉ ያስወጣሉ። እኛ ጋ የሚተኛው ሰው ግማሹ ከመንገድ የተቆረጠ ነው። ቤቱ ሌላ ቦታ፣ ዕቃው ሌላ ቦታ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ። ገላውን አልጋ ላይ አስተኝተነዋል፤ ጉዞው ግን አልቆመም።

አሁን የምጽፈውን ለብዙ ሰው አውርቼ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ ከሎሜ ወረዳ ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ በሳንባ ምች ተኙ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ጉሉኮሱን ሁለት ጊዜ ነቀሉት፤ ደሙ አንሶላውን አበላሸው፤ ከአልጋ ሊወርዱም ሞከሩ። እኛ ሁለት ነርሶች ነን፤ አልጋው ሠላሳ ነው። ሁለቱንም እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኳቸው። ልጃቸው የጠያቂ ሰዓት አልቋል ተብሎ በጥበቃ ተባርሮ ውጭ አድሯል።

እኔ ከመንዝ የመጣሁ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ሽማግሌው «ና ሂኪ፣ ና ሂኪ» ይላሉ። «ና» ሲሉ ልጃቸውን የሚጠሩ መስሎኝ «ጠዋት ይመጣል አባባ» አልኳቸው። ቀጥለው «ፊንጫን» ይላሉ። ፊንጫን የማውቀው በስኳር ፋብሪካው ነው። «ከፊንጫ ነው የመጡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ጮክ ብለው ያንኑ ደገሙት። ቻርቱ ላይ አድራሻቸው ሎሜ ይላል። ስለዚህ የመጡበት አገር ጠፍቶባቸዋል ብዬ «ይቃዣሉ» ስል ጻፍኩ።

ንጋት ላይ ወለል ልትወለውል የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ ቆመች። «ሲስተር፣ ሽንት እኮ ነው የሚሉሽ። ፍቺኝ ነው የሚሉሽ።»

ካቴተር፣ የሽንት ቱቦ፣ ሲገባላቸው ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ከዚያ ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሱና ተኙ፤ ያለ ማስተኛ መርፌ፣ ያለ ፋሻ። ሌሊቱን ሙሉ ከተናገሩት ሁሉ ያቺ እኔ መቃዠት ብዬ የጻፍኳት ቃል የጤነኛ ሰው ቃል ነበረች። የእጃቸው አንጓ ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት ለሦስት ቀን እያየሁ መድኃኒት ሰጠኋቸው። እሳቸው አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ከበደኝ።

ቋንቋውን ያን ዓመት ጀመርኩት። መጀመሪያ የያዝኩት ሰላምታ አይደለም፤ ሽንት፣ ውኃ፣ አመመኝ፣ ፍቺኝ ነው።

በሽተኛ ድንገት ሲረበሽ እጄ ወደ ፋሻ ከመሄዱ በፊት ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያውን እሰካለሁ። ኦክስጅን ያነሰው ሰው መጀመሪያ የሚያወልቀው ራሱ ያን የሚያድነውን ጭንብል ነው። «አፈነኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ታፍኗል፤ ያፈነው ግን ጭንብሉ ሳይሆን ሳንባው ነው። አፍንጫ ላይ በምትገባው ቀጭን ቱቦ ሲቀየርለት ብዙ ጊዜ ይታገሣል። ቀጥሎ ስኳሩን አያለሁ። በዚህ በስምጥ ሸለቆ ወባ ከክረምት ማግሥት ይበረታል፤ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ ራሱም፣ ኩዊኒን የተባለው መድኃኒቱም ስኳር ያወርዳል፤ ስኳሩ የወረደ ሰው እንደ ሰካራም ይታገላል። ከዚያ እምብርቱ በታች እጄን አሳርፋለሁ፤ ፊኛው እንደ ሐብሐብ ከተወጠረ ሌላ ምክንያት መፈለጉን ለጊዜው እተወዋለሁ። ሕመሙስ? ሆዱ ከታሰረ ስንት ቀኑ?

አረቄ የለመደ ሰው ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው። በገባ ማግሥት ደህና ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ያያል፣ ከዚያ ሁሉን ነቅሎ ይሮጣል። ሲገባ «ይጠጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ዲያዜፓሙና ቫይታሚን ቢ ዋኑ አስቀድሞ ይጀመራልና። ጥያቄው ግን በሚስት ፊት አይጠየቅም። ጭንቅላቱን የተመታውን በማስተኛ መርፌ ዝም ማሰኘት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው። ውስጥ እየደማ ከሆነ የሚነግረን ያ መረበሹ ነው፤ ካስተኛነው ምልክቱን ከእሱ ጋር አስተኛነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሻሮን ኢኖዬ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያደረጉት ጥናት ታትሞ ወጣ። ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆነ 852 ሕሙማን ተከታትለዋል። የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 15 ከመቶው ሆስፒታል ውስጥ መቃዠት ሲይዛቸው፣ ልዩ እንክብካቤ ካገኙት የያዘው 9.9 ከመቶውን ነው። ልዩ እንክብካቤ የተባለውን ሳነብ ሣቅኩ። ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው መኖሩ፣ ውኃ ጠጡ የሚላቸው፣ መነፅራቸውን የሚያቀብላቸው፣ ደግፎ የሚያራምዳቸው፣ ሌሊት እንቅልፋቸውን የሚጠብቅላቸው። ለዚህ በጎ ፈቃደኞች አሠልጥነዋል።

እኛ አስታማሚ አለን። ማንም ሳያሠለጥነው ከገጠር ጋቢውንና አገልግሉን ይዞ የሚመጣ፣ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር። እሱን ነው «ሰዓት አልቋል፣ ውጣ!» ብለን የምናባርረው። ራውንድ ሲደረግ ቦታ መጥበቡን አውቃለሁ፤ ሌቦች እንደሚገቡም አውቃለሁ። ግን ለሚቃዥ በሽተኛ አንድ የሚያውቀው ፊት አጠገቡ ይደር። ይህን ብዬ ከጥበቃ ጋር የተጨቃጨቅኩበት ሌሊት ብዙ ነው፤ አንዳንዱን አሸንፌአለሁ።

አስታማሚ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። በሽተኛው ላይ አደጋውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ራሱ አስታማሚው ነው፤ ከፍቅር የተነሣ። ቶሎ አልቆ ቤታቸው እንዲገቡ ብሎ የጉሉኮሱን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው የሚከፍት አለ፤ ውስጡ ፖታሲየም ቢኖርበት ልብ ያቆማል። ራሷን የሳተች እናቱን «ምንም አልቀመሰችም» ብሎ ሾርባ በማንኪያ የሚያጠጣ አለ፤ ሾርባው ወደ ሳንባ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ኦክስጅን ሲሊንደር አጠገብ ጧፍ አብርተው የሚጸልዩ እናት አገኘሁ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ሁሉ እንዲነድ ያደርጋል፤ ብርድ ልብሱን፣ ፀጉሩን። «እማማ፣ ያጥፉ!» ብል ጸሎት ያስቆምኩ አረመኔ መሆኔ ነው። ጧፏን ተቀብዬ ኮሪደሩ መስኮት ላይ፣ ከደጃፉ በምትታይበት ቦታ አቆምኩላቸው። ከልጃቸው አልጋ ሆነው እያዩዋት ጨረሱ። ያቺን መስኮት እስከ ዛሬ ለዚሁ እጠቀምባታለሁ።

ሊነሣ የሚሞክረውን ሁሉም ያየዋል። ዝም ብሎ ራሱን የሚጎዳውን ግን የሚያየው የለም። ዳሌአቸው የተሰበረ አንዲት እናት ነበሩ፤ ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል የተኙ፣ ጸጥ ያሉ፣ ሁሉም የሚወዳቸው። አራተኛው ቀን ላይ መዘባረቅ ጀመሩ። ከንፈራቸው ደርቋል። ለካ ከገቡ ጀምሮ ውኃ በአፋቸው አልዞረም። የምታስታምማቸው ምራታቸው ናት፤ ፖፖ የምታቀብለው እሷ ናት። በምራታቸው ፊት ከሚገለጡ መድረቅን መረጡ። ይህንን የነገሩኝ ጆሮዬ ውስጥ ነው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። ከዚያ በኋላ በሰዓቱ ምራቲቱን ቡና እንድትገዛልኝ እየላኩ፣ ሁለት የጉሉኮስ መስቀያ አቁሜ ጋቢ እዘረጋባቸው ነበር። ውኃውን ጠጡ። ወንዶቹም ቢሆኑ ያው ናቸው፤ አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ በሴት ፊት ከመቀበል በተሰበረ እግር ሽንት ቤት መሄድ የሚመርጥ ጎልማሳ ሞልቷል። ሃይላንዱን በወንድ ልጁ በኩል አስቀድሜ እልካለሁ።

አላስርም ብዬ አልዋሽም። የደረቱን ቱቦ ሊነቅል የሚታገል፣ አረቄ የተለየው ሰው በሦስተኛው ሌሊት ታስሯል፣ በእኔው እጅ። ግን ፋሻው ሥር ጥጥ አለ፤ ሁለት ጣት ያስገባል፤ ቋጠሮው በአንድ መሳብ ይፈታል፤ ከሚነሣውና ከሚወርደው የአልጋ መከለያ ጋር ሳይሆን ከማይንቀሳቀሰው ብረት ጋር ነው። በየሩብ ሰዓቱ ጣቶቹን አያለሁ። በጀርባው ተዘርግቶ አይታሰርም፤ ካስመለሰው ይታፈናልና። ከሁሉም በላይ የታሰረ ሰው ብቻውን አይተውም። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኮኖሊ እ.ኤ.አ. በ1839 ሃንዌል በተባለው ትልቅ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ማሰሪያውን በሙሉ ሲያስቀሩ በቦታው ያስገቡት ሰው ነው፤ ብዙ ሰው፣ የሠለጠነ ሰው። ሁለት ነርስ ለሠላሳ አልጋ ይዞ ኮኖሊን መሆን ይከብዳል። ፋሻ የሰው እጥረት ምልክት ነው፤ ሕክምና እያልን ራሳችንን ባናታልል ይሻላል።

የአልጋ መከለያው ብረትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሕሙማን በመከለያው መካከል ተቀርቅረው እንደሚሞቱ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የሚቃዥ ሰው መከለያ አያቆመውም፤ ይወጣበታል፤ ከወጣበት ደግሞ የሚወድቀው ከዚያው ከፍታ ነው። እኔ ፍራሹን መሬት ላይ አወርዳለሁ። አለቆች አይወዱትም፤ ለጎብኚ አያምርም። ከመሬት ግን ማንም አይወድቅም።

የቀረው ትናንሽ ብልሃት ነው። በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ካኑላውን፣ የጉሉኮሱን መርፌ፣ በግራው እሰካለሁ፤ በፋሻ ሸፍኜ ቱቦውን በእጅጌው ወደ ትከሻው አወጣዋለሁ፤ ያላዩትን አይነቅሉትም። ካቴተሩን ጭኑ ላይ በፕላስተር አጣብቃለሁ፤ ውስጥ ያለችው በአሥር ሚሊ ሊትር ውኃ የተነፋች ፊኛ ሳትፈስ ከተጎተተ የሚወርደው ደም ነውና። ለሚፈልግ እጅ የሚይዘው ነገር እሰጠዋለሁ፤ ለአንዱ መቁጠሪያ፣ ለሌላው ሙስበሃ፣ ለአንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ካልሲ። አልገላበጥም የሚለውን በየሁለት ሰዓቱ ከማገላበጤ በፊት ማስታገሻውን ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ እሰጣለሁ፤ እምቢታው ግማሹ ሕመም ነበር። ተረከዙ ሥር ውኃ የሞላ ጓንት የማድረጉን ነገር መጻሕፍቱ አይወዱትም፤ እኔም ትቼዋለሁ፤ ባልደረቦቼ አልተዉትም።

ያለፈው ክረምት ልባቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ እዚሁ ሞጆ ተኝተው ነበር። በድሮው ምድር ባቡር፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገባው በፈረንሳዩ መስመር ላይ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ነፋሱ ሲመች የአዲሱ ባቡር ጥሩምባ ሌሊት ይሰማል። በሰሙት ቁጥር ይነሣሉ። «ደረሰ፣ ደረሰ» ይላሉ። እግራቸው አብጧል፤ ኦክስጅን ላይ ናቸው፤ ሁለት እርምጃ አይራመዱም። ኦክስጅኑም፣ ስኳሩም፣ ፊኛውም ታየ፤ ደህና ነው። ወጣቷ ነርስ «ባቡር የለም አባባ፣ ሆስፒታል ነው ያሉት» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ በጆሯቸው የሰሙትን የምትክድ ውሸታም አድርገው ያዩዋታል። ትክክል ናቸው፤ ባቡሩ አለ። እኔ በሽተኛን መዋሸት አልወድም፤ «ባቡሩ ዘግይቷል» ማለት ይቀናኝ ይሆናል፣ ግን ነገም ይጠብቁታል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱም እግራቸው ወርዷል፤ ጫማቸውን በጣታቸው ይፈልጋሉ።

«ሊሳፈሩ ነው?» አልኳቸው።

«ምን መሳፈር፣ ልወርድ ነው እንጂ። አታይም?»

«የት ነው የሚወርዱት አባባ?»

«ሞጆ ነዋ!» አሉ፣ በሞኝነቴ እየተገረሙ።

«ታዲያ ሞጆ እኮ ነው ያሉት። ደርሰዋል።»

ዙሪያውን አዩ። መስኮቱን፣ ጎረቤት አልጋ ላይ የተጠቀለለውን ሰው፣ እኔን። እግራቸውን አንድ በአንድ አነሣሁላቸው፤ አልከለከሉኝም። ቱቦዋን አፍንጫቸው ላይ ስመልስ ዝም አሉ። ከዚያ ድንገት ቀና ብለው «ሻንጣዬስ?» አሉኝ።

ከአልጋው ሥር ልብሳቸው ያለበትን ፌስታል አውጥቼ ግርጌአቸው አስቀመጥኩላቸው። በእግራቸው ነካ አድርገው መኖሩን አረጋገጡ፤ ጋቢውንም ሳቡት።